ስለ መኪና ቀለም መፍዘዝና መመለስ፦ ከኬንያዋ ሞያሌ የተገኘ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ድንበር አቋርጦ ስለሚያልፈው ከብት፣ ጫትና ሰው ብዙ ተጽፏል። ከመኪና ላይ ታሽቶ ስለሚወርደው ቀለም ግን አንድም ምሁር ትንፍሽ አላለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ሊሞላ ተነሥቷል፤ ጥናቱም የተካሄደው ከኬንያው በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ሌላ ሥራ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ነው።

ከመንስኤው እንጀምር። ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም፣ አናቷ ላይ ቀጥ ትላለች። በቀሩት ወራትም ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ከመኪናው አካል መጀመሪያ የሚረግፈው ጣሪያው፣ ቀጥሎ ኮፈኑ ነው፤ በሮቹ ይተርፋሉ። በዚህ ረገድ ቀይ ቀለም የከፋ ዕጣ አለው። በሩ እንደ ቀድሞው ቀይ ሆኖ ሳለ ጣሪያው ሽሮ የሚመስል መኪና በከተማዋ ብርቅ አይደለም።

የቀድሞው የአስተሳሰብ ፈለግ ጥፋቱን ሁሉ በመንገዱ ያላክክ ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውሮፓውያኑ 2010ዎቹ ተጠናቆ አስፋልት እስኪለብስ ድረስ ኮረኮንች ነበርና፣ የዲዳ ገልገሉ በረሃን ጥቁር ድንጋይ ተሻግሮ የመጣ መኪና ምን ቢመስል ማንም አይጠይቀውም። አስፋልቱ ከገባ በኋላም ቀለሙ መፍዘዙን አላቆመም። ባለመኪኖች ያጡት አቧራውን ሳይሆን ሰበቡን ነው።

እዚህ ላይ አቅራቢው የራሱን ንድፈ ሐሳብ ያስተዋውቃል። ኬንያ በግራ ትነዳለች፤ ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ። ስለዚህ ኬንያ ውስጥ ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና ጠጠሩን የሚወረውረው በቀኝ ጎንዎ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ ሲገቡ በግራዎ። በሁለቱም ጎኑ በፍትሕ የሚቧጨረው እንግዲህ ድንበር ተሻጋሪው መኪና ብቻ ይሆናል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የመረቁት የአንድ ማዕከል የድንበር ኬላ ለዚህ እኩልነት ያደረገው አስተዋጽኦ እስካሁን አልተወሳም። የእሾህ ጭረት በተቃራኒው ጎን መገኘቱ ንድፈ ሐሳቡን ስለሚያውክ አልቆጠርነውም።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ የአሁን ዘመን መኪና ከቀለሙ በላይ ቀለም አልባ ሽፋን አለው፤ ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ የሰው ፀጉር የቀጠነ። ፀሐይ የምታቃጥለው፣ ጨርቅና አሸዋ የሚቧጭሩት ይህንኑ ነው። የተቧጨረ ገጽ ብርሃንን ይበታትናል፤ ዓይን ደግሞ ያንን «ፈዘዘ» ይለዋል። ፖሊሽ የሚያደርገው ፉንዲ፣ በኢትዮጵያው በኩል ባለሙያው፣ ኮምፓውንድ ቀብቶ ሲያሽ ጭረቱን አይሞላም፤ ዙሪያውን ፈግፍጎ ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክለዋል። በሌላ አነጋገር ባለቤቱ ከንብረቱ ላይ ጥቂት ማይክሮን እንዲነሣለት ገንዘብ ይከፍላል፤ ጎድሎ ሲመለስለትም «አዲስ ሆነ» ብሎ ያመሰግናል። ይህ ግብይት በኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ይገባዋል። የሚያሸው ጨርቅ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ሽፋን የሚባል ነገር የለም፣ ቀለሙ ራሱ እየሄደ ነው። ጥፍር የሚይዘው ጭረት በፖሊሽ አይወጣም። ሽፋኑ እንደ ቅርፊት መነሣት የጀመረ ደግሞ ከፖሊሽ አልፏል፤ ያለው አማራጭ ብርጭቆ ወረቀትና አዲስ ቀለም ነው።

ሥራው ጥላ ይፈልጋል፤ ብረቱ ከጋለ ኮምፓውንዱ ይደርቃል። ጥላ ያለው ግራር ሥር ነው። ግራሩ ላይ ወፍ አለ። የወፍ ኩስ ሽፋኑን ይበላል። ፉንዲው በዚህ ዑደት ሥራ አያጣም።

በመጨረሻ የሚቀባው ሰም የብራዚል ዘንባባ ቅጠሉ በድርቅ ውሃ እንዳያጣ የሚያወጣው ካርናውባ ሊሆን ይችላል። አቅሙ የማይፈቅድ ሾፌር ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ ይጠርጋል። መኪናው ወዲያው ያበራል፤ አቧራው እስኪለጠፍበት ድረስ በእርግጥ ያበራል።

ማን ያስወለውላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ሙሽራና ሻጭ። ሙሽራው ለጥናቱ ብዙ አይጠቅምም፤ መኪናው በአበባና በሪባን ተሸፍኗል። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው መኪና ከውጭ እንዳይገባ ስለምትከለክል የጃፓኑ ፕሮቦክስ አብዛኛውን ጊዜ ጎልማሳ ሆኖ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ዕድሜው ገደብ የለውም፣ ሻጩም እዚህ ላይ ይመጣል። ገዢ በፀሐይ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ኮፈኑ ላይ ፊቱን ያያል፣ ጢሙንም ያስተካክላል። ልምድ ያለው ገዢ ግን በሩን ከፍቶ ፀሐይ ነክቶት የማያውቀውን የውስጥ ጠርዝ ከጣሪያው ጋር ያነጻጽራል።

ሻጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አይድከሙ» ብሎ በሩን ራሱ ይከፍትልዎታል፣ ራሱም ይዘጋዋል።