ጉልበቴና ጉዛራ

እኔ ያልኩት ወንዛዬ ነበር። ፍልውሃው ውስጥ ጉልበቴን ልዘፈዝፍ፣ ከእኩዮቼ ጋር ተቀምጬ የዘንድሮን ሰው ልማ። ልጆቼ ግን ተማክረው «አባባ ይናፈሱ» አሉና ጉዛራ ወሰዱኝ። መናፈስ የሚሉት ከወረታ በሚኒባስ ተጠቅጥቆ መሄድን ነው። አሥራ አንድ ሰው፣ ሁለት ድስት ወጥ፣ አንድ ጀሪካን ጠላ። ጠላውን ጭኔ ላይ ያዝኩ፤ ሌላውማ ስልክ ይዟል።

ጥቅምት ነው፤ ግራ ቀኙ ሩዝ፣ አሁንም ሩዝ። «እዚህ ሜዳ ላይ የፎገራ ላም ነበር የሚሰማራው» ብል ማን ቀና ይበል? ሩዙን እንኳ አላማውም። ምሳችን የሩዝና የጤፍ ቅይጥ እንጀራ ነበር፤ ሦስት በላሁ።

አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራዝ አካባቢ ወረድን። የጉዛራ ግንብ ኮረብታው አናት ላይ ጉብ ብሏል። በቅሎ ያለው ሰው የሠራውን ቤት በምርኩዝ መጎብኘት አይጣል ነው! ከ1555 እስከ 1589 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ከዘመቻ መልስ የሚያርፉበት ቤት ነው ይላሉ። እሳቸው ያረፉበት እኔን ገደለኝ።

ትንፋሼ ሲመለስ ቁልቁል አየሁ። ጣና ተዘርግቷል። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ የሚውጡትን ሜዳ ትቶ ንጉሥ እዚህ ቢወጣ ምን ይፈረድበታል? ከታች ዋልካ ነው፤ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል። የልጄ ብሎኬት ቤት በሁለት ክረምት ግድግዳው ክንድ ያስገባል። ይህ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግንብ ግን አራት መቶ ዓመት አልፎት ክብ ማማው አለ። ይህንን ለልጄ ብነግረው አኮረፈኝ።

ለልጅ ልጄም «ዐፄ ፋሲል በ1628 ጎንደርን ሳይቆረቁሩ በፊት እኮ ይህ ቤት ነበር» አልኳት።

«አባባ፣ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ ይበሉ» አለችኝ።

ለካ ማማውን ጋርጄባታለሁ። ማታ ፎቶውን አሳየችኝ፤ ማማው ሙሉ ነው፣ ከእኔ የወጣው ግን አንድ ጆሮና ምርኩዜ ነው።

ለመጪው እሑድ ወንዛዬ ተብሏል። ጠላውን ሌላ ሰው ይያዝ።