የዘጉልን ይመስገኑ

መንግሥት ድረ ገጽ ሲዘጋ የሚያማርር አይጠፋም። ማይክሮሶፍት ከኮምፒውተር ላይ የለመድነውን ነገር ሲያነሳም የሚረግም ሞልቷል። ለዘጊዎቹ ጠበቃ የቆመላቸው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ነገሩ ግፍ ስለሆነብኝ፣ ማንም ሳይወክለኝ፣ ከጉራጌዋ አታት ሆኜ ጥብቅና ቆሜያለሁ።

ከኩባንያው ልጀምር፤ የእሱ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣው “ስታርት” የሚባለው ቁልፍ፣ 17 ዓመት ሙሉ ከታች በግራ ጥግ ተቀምጦ ማንንም ሳያስቸግር ኖረ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ቁልፉ የለም። ኮምፒውተሩን ለማጥፋት እንኳ ማውሱን ወደ ቀኝ ጥግ ወስዶ፣ ከተደበቀበት ብቅ የሚለውን ረድፍ መጠበቅ ግድ ሆነ። ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ የሚጽፉ ልጆች ማሽኑን ከነሶኬቱ መንቀል የተማሩት ያኔ ነው። ሕዝቡ ጮኸ። ኩባንያው ሰማና በዓመቱ፣ በ8.1፣ ቁልፉን መለሰ። ቁልፉ ሲጫን የሚከፍተው ግን የድሮውን ዝርዝር ሳይሆን ሰው የሸሸውን ያንኑ የዊንዶውስ 8 ገጽ ነበር!

እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። “ጥያቄያችሁ ተመልሷል” ለማለት ጥያቄውን መመለስ እንደማያስፈልግ በዚህ ንጽሕና ያሳየ መሥሪያ ቤት፣ ከእኛ ቀበሌዎች በቀር፣ አላውቅም። ዝርዝሩ እውነተኛ ቦታውን ያገኘው በ2015 በዊንዶውስ 10 ነው። እስከዚያ ድረስ ትዕግሥት ያልፈጠረባቸው ሰዎች “ክላሲክ ሼል” የሚባል ነጻ ፕሮግራም እየጫኑ የተወሰደባቸውን በገዛ እጃቸው ሲያስመልሱ ቆዩ። በ2021 የመጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከታች ያለውን ረድፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ማዛወርን አስቀረ። ተገቢ ነው። ሁሉም ቦታውን ይወቅ።

ይሁን እንጂ በዚህ ጥበብ ከማይክሮሶፍት እንቀድማለን። በእኛው አቆጣጠር፣ ከምርጫ 97 በኋላ ከሞባይል ስልክ ላይ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተነሳ። የተመለሰው ሁለት ዓመት ቆይቶ በሚሌኒየሙ መባቻ ነው፤ አገር የሁለት ዓመት “እንኳን አደረሳችሁ” አጠራቅማ በአንድ ጊዜ ላከች። በ1998 ተራው የብሎጎችና የድረ ገጾች ሆነ። በሐምሌ 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጥቶ በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። ለካ የምንፈተነው ሁላችንም ነበርን።

በሰኔ 2010 ደግሞ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ ተባለ። ልብ በሉ፤ ስንት እንደተዘጉ በቁጥር የሰማነው ሲከፈቱ ነው። አብዛኞቹን ሳይዘጉ ቀርተው ቢሆን ኖሮ ማን ያውቃቸው ነበር? ለአንድ ድረ ገጽ ከመዘጋት የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ልክ በዓመቱ፣ በሰኔ 2011፣ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ። በዚያው ወር ከባሕር ዳሩና ከአዲስ አበባው የባለሥልጣናት ግድያ በኋላም ተደገመ።

ይህን ተከትሎ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2011 ለጋዜጠኞች ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ብለው አስረዱ። አባባሉን የተቹ ነበሩ። እኔ መርምሬ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ልብስ አይታጠብበትም፣ ቡናም አይፈላበትም። እንዲያውም እኛ ጉራጌ ዞን ያለን ሰዎች ከሌላው ይልቅ ልዩነቱን እናውቃለን። የካቲት 2 ቀን 2015፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ ክፍፍል ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። በሳምንቱ የካቲት 10፣ የወልቂጤ ነዋሪዎች ውኃ ጠፋብን ብለው አደባባይ ወጡ። የጠየቁት ኢንተርኔት አልነበረም። ቢያንስ 3 ሰዎች መገደላቸውንና ወደ 30 የሚሆኑ መቁሰላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ወሬው ከወልቂጤ ወደ አታት ሲደርስ በታክሲ ነው የመጣው፤ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘግቶ ነበርና።

ወደ ጥብቅናዬ ልመለስ። የፌስቡክና የቴሌግራሙ መዘጋት አምስት ወር ቆየ። ሲጀመር በእኛ ሰፈር ቪፒኤን፣ ማለትም ስልክን ሌላ አገር ያለ አስመስሎ የተዘጋውን የሚያስከፍተው ፕሮግራም፣ ምን እንደሆነ የሚያውቁት ጉብሬ ካለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚመላለሱ ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ወር ሳይሞላ ቅቤ ነጋዴዋም ታውቀው ነበር። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 በተባለው ዕቅድ ሕዝቡን ከቴክኖሎጂ ጋር ለማስተዋወቅ ስንት አዳራሽ መከራየት፣ ስንት አበል መክፈል በተገባ ነበር! ይህ ሥልጠና ያለ አበልና ያለ ሻይ ቡና ተሳካ። መርካቶ የሚነግድ ልጅ ለእናቱ በስልክ “እማዬ፣ መጀመሪያ ያቺን ቁልፍ የመሰለችውን ንኪያት፤ ኔዘርላንድ ስትልሽ ከዚያ ቴሌግራሙን ክፈቺው” ይላል። እናትም አታት እንሰት ስትፍቅ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ያለ ፓስፖርትና ያለ ደላላ፣ ኔዘርላንድ ገባች። ወጣቱ በባሕር ሲሰደድ ስንት መከራ ያያል፤ ዘጊው ግን ሚሊዮኖችን በአንድ ሌሊት በሰላም አሻግሮ በሰላም መልሷል። ቪፒኤን ፓኬጅ ስለሚበላም ባለ ሳምንቱ በሦስት ቀን ያልቃል። ይህም ገቢ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የፌስቡክ ገጾች በእነዚያ ወራት መግለጫ ማውጣታቸውን እንዳላቋረጡም መመስከር አለብኝ። በዚያው በተዘጋው ፌስቡክ ላይ። ገጹን ማየት የሚችለው ቪፒኤን የጫነ ብቻ በመሆኑ፣ መግለጫው የተጻፈው ለትጉህ ዜጋ ነበር ማለት ነው።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ጀፎረን እያነሱ ይሞግቱኛል። ጀፎረ የጉራጌ መንደር ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ከብት ይሰማራበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ መስቀል ይደመርበታል። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው “የጆካ” በሚባለው የጉራጌ ባህላዊ ሥርዓት ይዳኛል፤ ሹምም ቢሆን፣ ሀብታምም ቢሆን። “ሰው ሁሉ የሚያልፍበትን መንገድ አንድ ሰው እንዴት ይዘጋል?” ይሉኛል። አባቶቻችን ቅን ስለነበሩ ነው እላቸዋለሁ። መንገዱን ክፍት ትተው ስንት ትውልድ አጥር መዝለል ሳይማር አሳለፉ።

እንግዲህ ለሚመለከተው ክፍል፦ ስታርቱንም፣ ቴሌግራሙንም፣ ነገ የሚታሰበውን ሌላውንም እንደተለመደው ዝጉት። መቼ እንደሚከፈትም አትንገሩን፤ ልባችን ይንጠለጠል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ቪፒኤኑን እንዳትነኩብን። መግለጫችሁን የምናነበው በእሱ ነው።