ዘመናዊት ጠንቋይና ሁለቱ የትርፍ ጊዜ ሥራዎቿ

ዘመናዊት ጠንቋይ በእንግሊዝ ትገኛለች። ቀን ቀን መደበኛ ሥራ ትሠራለች፣ ግብሯን ትከፍላለች፣ አውቶቡስ ለመያዝ ትሰለፋለች። ድመት ልታሳድግ ትችላለች፤ ይሁንና በአገሩ ድመት ስለሚበዛ ይህ ብቻውን ለመለያነት አይበቃም። መጥረጊያ አላት፤ የምትጠቀምበትም ከሥርዓቷ በፊት ቦታውን ለመጥረግ ነው። በአየር መጓዝ ሲያምራት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቲኬት ትቆርጣለች። ወንዶች ጠንቋዮችም አሉ፤ ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሴቲቱ ይናገራል። ትርፍ ጊዜዋን የሚሻሙት ሁለት ሥራዎች ናቸው፦ በጸደይ አትክልት መትከልና በሌሊት የሙት መንፈስ ማደን። ጎረቤትን የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ሊያስፈራ የሚገባው የትኛው እንደሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

ሕጋዊ አቋሟ

በእንግሊዝ በ1563 እና በ1604 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጡት ሕጎች በጥንቆላ ሰው እስከ ሞት ያስቀጡ ነበር። በ1612 በላንክሻየር ካለው ከፔንድል ኮረብታ አካባቢ በጥንቆላ ከተከሰሱት መካከል አሥሩ ተሰቅለዋል። ዛሬ ከማንቸስተር ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄድ የአውቶቡስ መስመር በጠንቋዮች ስም ይጠራል፤ ጠንቋዮችም ሲሳፈሩ ይከፍላሉ።

በ1735 ፓርላማው ነገሩን ገለበጠው። ጥንቆላ የሚባል ኃይል የለም፤ ስለዚህ ወንጀሉ ጠንቋይ መሆን ሳይሆን ጠንቋይ ነኝ ብሎ ማታለል ነው ተባለ። ቅጣቱም ከገመድ ወርዶ እስከ አንድ ዓመት እስራት ሆነ። ሙታን አነጋጋሪዋ ሄለን ደንከን በዚሁ ሕግ በ1944 ዘጠኝ ወር ተፈርዶባታል። ሕጉ የተሻረው በ1951 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጄራልድ ጋርድነር የተባለ፣ በማላያ የጉምሩክ ሹም ሆኖ የሠራ ጡረተኛ፣ ስለ ዘመኑ ጥንቆላ መጽሐፍ አሳተመና ዊካ የሚባለው ሃይማኖት በአደባባይ ታወቀ። ሃይማኖቱ ሦስት ደረጃ ያለው ሹመትና ስምንት በዓል ያለው ቀን መቁጠሪያ አለው። የመሥራቹ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥርዓት ወዳድነት አስተዋጽኦ አላደረገም ለማለት ያስቸግራል።

በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 74,000 ያህል ሰዎች ሃይማኖታቸው ፔገን (አረማዊ)፣ 13,000 ያህሉ ደግሞ ዊካ እንደሆነ ጽፈዋል። ሃይማኖትን የሚመለከተው ጥያቄ በፈቃደኝነት የሚመለስ ነው። አራት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይህን ጥያቄ በፈቃዱ የመለሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው ቀጣዩ ጥያቄ ነው።

የጸደይ ሥራዋ

የአትክልት ወራት በይፋ የሚከፈተው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በማርች 20 ወይም 21፣ ኦስታራ በተባለው በዓል ነው። በዓሉ ዘር ዝሩ ይላል። የእንግሊዝ ውርጭ ግን በዓሉን አያከብርም፤ በብዙ ቦታ እስከ ሜይ ወር ድረስ ይመላለሳል። በዚህ የተነሳ ጠንቋይዋ ዘሯን በየጣሳው ዘርታ መስኮት ሥር ትደረድራለች። ማዕበል ታስነሳለች ተብላ ለዘመናት ብትከሰስም፣ ችግኙን ወደ ውጭ የምታወጣበትን ቀን የምትወስነው የሜትሮሎጂ ትንበያ ሰምታ ነው።

ሁለተኛው መመሪያዋ ጨረቃ ናት። ከመሬት በላይ የሚያፈራው ጨረቃ ስትሞላ፣ እንደ ካሮት ያለ ሥራሥር ደግሞ ስትጎድል ይዘራል። ቀንድ አውጣው በሁለቱም ጊዜ ይበላል። ቀድሞ ይበተንለት የነበረው ሜታልዲሃይድ የተባለ መርዝ፣ ጃርትንና ወፎችን ስለሚጎዳ ከ2022 ጸደይ ጀምሮ በብሪታንያ ደጅ ላይ እንዳይውል ተከልክሏል። ስለዚህ ጠንቋይዋ ወደ ጥንታዊ ጥበብ ትመለሳለች፦ ጎድጓዳ ሳህን ከአፈሩ ጋር አስተካክላ ትቀብርና ቢራ ትሞላዋለች። ቀንድ አውጣው ጠጥቶ ይሰምጣል። ድግምት አያስፈልገውም።

ከጎመኑና ከካሮቱ ባሻገር ያለው መደብ በጥሞና መታየት ይገባዋል። እዚያ የሚበቅለው ቤላዶና አትሮፒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ የዓይን ሐኪሞች ብሌንን ለማስፋት የሚጠቀሙበት እርሱን ነው፤ ጥቁር አንጸባራቂ ፍሬውን የበላ ግን ይቃዣል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ሊሞትም ይችላል። በኢትዮጵያ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ድንችና በርበሬም እንዲሁ፤ ከአንድ ቤት ልዩ ልዩ ጠባይ ያለው ልጅ መውጣቱ በተክልም የታወቀ ነው። ከጎኑ አኮኒት ይበቅላል፤ መርዙ በቆዳም ስለሚገባ ያለ ጓንት አይነካም።

ከሁሉ የከበረ ታሪክ ያለው ፎክስግላቭ ነው። ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ በሽሮፕሻየር የምትኖር አንዲት አሮጊት በምስጢር ይዛ ለሰውነት እብጠት የምትሰጠውን ሃያ ወይም ከዚያ በላይ ቅጠላ ቅጠል የተቀላቀለበት መድኃኒት መረመረ። የሚሠራው ፎክስግላቩ እንደሆነ ለይቶ በ1785 መጽሐፍ አወጣ። ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት ዛሬም የሚገኘው ከዚሁ ወገን ከሆነ ተክል ነው። የሐኪሙ ስም በሕክምና ታሪክ ሰፍሯል፤ የአሮጊቷን ስም መጽሐፉ አልመዘገበም። ከመቶ ሰባ ዓመት ቀደም ብላ ኖራ ቢሆን ኖሮ ስሟ በፍርድ ቤት መዝገብ በጥንቃቄ ይጻፍ ነበር።

በአጥሩ ጥግ ጤና አዳም ትተክላለች፤ ይህ የአውሮፓው ዝርያ ሲሆን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የሚጣለው የቅርብ ዘመዱ ነው። በአውሮፓ ጤና አዳም ጠንቋይን ያባርራል ተብሎ ይታመን ነበር። የቤቱ ባለቤት ራሷ ውሃ ታጠጣዋለች፤ እስካሁን አላባረራትም።

የሌሊት ሥራዋ

የሙት መንፈስ አደን በእንግሊዝ የተደራጀ ሥራ የሆነው በ1862 ለንደን ውስጥ የመናፍስት ክበብ ሲመሠረት ነው። በ1882 ደግሞ የካምብሪጅ ምሁራን የተሳተፉበት የሥነ መንፈስ ምርምር ማኅበር ተቋቋመ። ዘርፉን ለሕዝብ ያቀረበው ሃሪ ፕራይስ ነው። ኤሴክስ ውስጥ የነበረውን የቦርሊ የካህን ቤት በ1937 ተከራይቶ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ ታዛቢዎችን ሰብስቦ አስጠበቀ። ቤቱ በ1939 ተቃጠለ። በሚቀጥለው ዓመት ፕራይስ ስለ ቤቱ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። የፕራይስ የሥራ ቦርሳ ድምፅ የማያሰማ ጫማ፣ ሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ ካሜራና አንድ ጠርሙስ ብራንዲ ነበረው። ብራንዲው በድንጋጤ ለሚወድቅ ሰው የተያዘ ነበር።

ዘመናዊቷ ጠንቋይ ብራንዲውን በሻይ ቴርሞስ ተክታ ሌላውን አስፋፍታዋለች። የመጀመሪያው መሣሪያዋ ኤሌክትሮማግኔታዊ መስክን የሚለካ፣ መንፈስ ሲቀርብ ይበራል የሚባል ሜትር ነው። ሁለተኛው የድምፅ መቅጃ ነው፤ ፍሪድሪኽ ዩርገንሰን በስዊድን በ1959 የወፍ ዜማ ሊቀዳ ወጥቶ የሙታን ድምፅ ሰማሁ ካለ ወዲህ ማንም አዳኝ ያለ እርሱ አይወጣም። ሦስተኛው ጣቢያዎችን ሳያቋርጥ የሚቀያይር ሬዲዮ ነው። ከእርሱ ተቆራርጠው የሚወጡት ቃላት የሙታን መልስ ናቸው ይባላል፤ ሙታኑ የአየር ሁኔታ ዘገባና ማስታወቂያ ያዘወትራሉ።

አደኑ የሚካሄድባቸው አሮጌ ቤቶች ሌላም ነገር አላቸው። በበሩ፣ በመስኮቱና በምድጃው ዙሪያ በኮምፓስ የተቀረጹ የአበባ ቅርፆች ይገኛሉ፤ የጥንት ነዋሪዎች የቀረጿቸው ጠንቋይና ክፉ መንፈስ እንዳይገባ ነው። የአገሩ የቅርስ ባለሥልጣን በ2016 ሕዝቡ እነዚህን ምልክቶች ፈልጎ እንዲያሳውቅ ጥሪ አቅርቧል። ጠንቋይዋ በተቀረጸባት በር ገብታ፣ ምልክቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ መላክ ትችል ነበር።

የአደኑ ግኝቶች

እስካሁን አንድም የሙት መንፈስ ተይዞ አልቀረበም። ይህ ማለት ግን አደኑ ፍሬ ቢስ ነው ማለት አይደለም። ማይክል ፋራዴይ በ1853 ባደረገው ሙከራ፣ መንፈስ ያንቀሳቅሰዋል የተባለውን ጠረጴዛ የሚገፉት ሳያውቁት ተቀማጮቹ ራሳቸው እንደሆኑ አገኘ። በ1921 አንድ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም የጻፈው ዘገባ፣ ኮቴ የሚሰማበትና ጥላ የሚታይበት ቤት ችግሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያፈስ ማሞቂያ እንደነበር ያስረዳል። ቪክ ታንዲ የተባለ የኮቨንትሪ መሐንዲስ ደግሞ በሥራ ክፍሉ የታየውን ግራጫ ጥላ መርምሮ፣ አዲስ የተተከለ የአየር ማራገቢያ ጆሮ የማይሰማው 19 ኸርዝ ገደማ ንዝረት እንደሚፈጥር በ1998 አሳተመ። ማራገቢያው ሲጠፋ ንዝረቱም ቆመ። መስክ የሚለካው ሜትርም አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው ግድግዳው ውስጥ ያለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያገኝ ነው። በአጭሩ የሙት መንፈስ አዳኝ ያለ ደመወዝ የምትሠራ የቤት ጥገና ተቆጣጣሪ ናት።

የደኅንነት መመሪያ

ሁለቱ ሥራዎች ሲመዘኑ ፍርዱ ግልጽ ነው። በሰሜን እንግሊዝ በአልንዊክ ያለው፣ በ2005 የተከፈተው የመርዛማ ተክሎች ስፍራ ጥቁር የብረት በሩ ይቆለፋል፤ ጎብኚ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ መንካት፣ ማሽተትና መቅመስ ክልክል ነው። የሙት መንፈስ አለበት የሚባል ቤት ግን በሩን ከፍቶ መግቢያ ያስከፍላል። የመጀመሪያው በር የሚጠብቀው ሰውን ሲሆን ሁለተኛው የሚጠብቀው ሂሳቡን ነው።

ስለዚህ በጠንቋይ ጎረቤቱ ሌሊት ወደ አሮጌ ቤት የተጋበዘ ሰው ያለ ስጋት ይሂድ፤ ሹራብ መደረብ ይበቃዋል። ለሻይ የተጋበዘ ግን ቅጠሉ ከየትኛው መደብ እንደተቀነጠሰ አስቀድሞ ይጠይቅ። የፎክስግላቭ ቅጠል አበባ ሳያወጣ ሻይ ከሚፈላበት ከኮምፍሪ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱን አሳስተው የጠጡ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።