ውቅያኖስና ላስታ ምንና ምን?

«ደግሞ ውቅያኖስ! የላስታ ልጅ ውቅያኖስ ተምሮ ሊያርሰው ነው?»

አዎ፣ ሊያርስበት ነው! በጊዳንና በላስታ ደጋ ገብስ የሚያበቅለው የበልግ ዝናብ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ራስ ላይ የሚፈልቅ ከመሰለህ ተሳስተሃል። እርጥበቱ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ ቆላ ለቆላ ተጉዞ፣ የእኛን ተራራ ሲወጣ ነው በርዶ የሚዘንበው። ደመና በየት በኩል ሊመጣ እንደሚችል ገበሬ አባትህ አንጋጦ ያውቃል። ከየት እንደተነሣ ደግሞ ልጁ ይወቅ።

«ልጄ፣ ዝናብ የእግዜር ነው» አሉኝ አንድ አባት።

አባ፣ የእግዜር መሆኑን ማን ካደ? እርሱ ከየት እንደሚቀዳው ልጆቹ ቢያውቁ ግን ምን ይከፋዎታል? ፓስፊክ የሚባለው ውቅያኖስ ከእኛ ሌላኛው የዓለም ጫፍ ነው። በምድር ወገብ ላይ ያለው ውሃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚሉት ማለት ነው፣ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይከዳል። በ1964 ክረምት ሆኗል። በ2007 ክረምትም ሆኗል፤ ያን ጊዜ የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ወገን ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። የ65ቱን የወሎ እልቂት ግን በባሕር ላይ ብቻ አላሳብብም፤ ዝናቡ ሲቀር ረሃቡን የደበቀው መንግሥት ነው። ሁለቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። አያቶቹ በዚያ ረሃብ ያለቁበት ልጅ የሰማዩንም የቤተ መንግሥቱንም ድርሻ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

«እኛ እኮ ባሕር አይተን አናውቅም!»

ቀምሳችሁታል። አያቶቻችን አርሆ ወርደው ከአፋር ያመጡት የነበረው፣ ገበያ ላይ እንደ ብር ይመነዘር የነበረው አሞሌ ጨው ከየት የመጣ ነው? የዳሎል ምድር በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር እየገባ የተኛበት ረባዳ ነው። ባሕሩ ተቆረጠ፣ ፀሐይ ውሃውን ጨረሰችው፣ ጨዉ ቀረ። መምህር ሆይ፣ አንድ ስባሪ አሞሌ ይዘህ ክፍል ግባ። ልጆቹ በየተራ በምላሳቸው ይንኩት። ከዚያ ካርታውን ዘርጋ።

«ባሕሩ ቢጎዳስ ለላስታ ምን ይጎድልበታል?»

ትንፋሽ። በዓለም ላይ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉን የሚሠሩት ባሕር ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ሰው በጭስና በጋዝ ወደ ዓለም ከጨመረው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የተሸከመውም ያው ባሕር ነው። የሞቀ ባሕር ደግሞ ዝናብህን በወቅቱ አያደርስልህም።

«ይሁን፣ ከባሕር ለእኛ መጣ። ከእኛ ለባሕር ምን ሄደ?»

አፈርህ ነዋ! ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ነው። የላሊበላ ጎርፍ ተከዜ ይገባል፣ ተከዜ አትባራ፣ አትባራ ዓባይ፣ ዓባይ ሜዲትራኒያን። ነሐሴና መስከረም ላይ የእኛ ድፍርስ ውሃ ግብፅ ጠረፍ ሲደርስ ባሕሩ ይለመልም ነበር፤ ሰርዲን የሚባለው ዓሣ መንጋ መንጋውን እየሆነ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የግብፅ ዓሣ አጥማጆች 18,000 ቶን ያህል ሰርዲን አወጡ። የአስዋን ግድብ ውሃውን መያዝ ከጀመረ በኋላ፣ በ1968፣ ያገኙት ከ500 ቶን በታች ነው። የደጋ አፈር እንዲህ ያለ ነገር ነው። ላስታ የባሕር ዓሣ ስትቀልብ ኖራለች፤ የላስታ ልጅ ግን ይህን አልሰማም።

ላቦራቶሪ የለንም እንዳትሉኝ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንዳባራ ከከተማችሁ በታች ካለው ጅረት አንድ ጠርሙስ ጎርፍ ቅዱ። ልጆቹ የክፍሉ መስኮት ላይ ያስቀምጡት፣ ይደር። በማግሥቱ ውሃው ከላይ ይጠራል፣ ከሥሩ ጣት የሚያክል ቡናማ ጭቃ ይተኛል። ያንን ጭቃ በማስመሪያ ይለኩት። ከማን ማሳ እንደመጣ ደግሞ እጃቸውን አውጥተው ይናገሩ፤ ዳገቱን ያውቁታል።

«ዓሣ ካበላ ታዲያ አፈሩ ይሂድ!»

ዛሬ ወዴት ይሄዳል? ተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የእኛው ግድብ ቆሟል። ያ ጭቃ ዓሣ ማብላቱ ቀርቶ ለመብራትህ የተጠራቀመውን ውሃ ቦታ ይበላል። ጠርሙሱ ላይ የለካኸው እርሱ ነው።

«ወደብ የሌለው ሕዝብ ስለ ባሕር ቢማር ቁስሉን መነካካት ነው።»

በ1985 ዓ.ም. ያጣነው ጠረፍ ነው፤ ዝናቡም ጨውም ትንፋሹም አልተቋረጠም። ባሕር የምናነሣው ወደብ ሲነሣ ብቻ መሆኑ ያንገበግበኛል። ደግሞስ በ1956 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ መቼ መልሕቁን ጥሎ ቀረ? ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር፣ ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ የደጋ ልጆች የመርከብ መሐንዲስነት ይማራሉ። ተመርቀው የዓለምን ውቅያኖስ በባዕድ መርከብ ያቋርጣሉ።

«አስተምረህ ልታሰድዳቸው ነው እንዴ?»

እዚህ ላይ ተረቡ ይቁም። ሳይማሩም እየሄዱ ነው። የወሎ ወጣት በአፋር በረሃ አድርጎ ጂቡቲ ኦቦክ ይወርዳል፤ ደላላው በሌሊት ጀልባ ላይ ይጭነዋል። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ያን ሌሊት ነው። ዋና አይችልም። ማዕበል ምን እንደሆነ፣ ከልክ በላይ የተጫነ ጀልባ ለምን እንደሚገለበጥ፣ የባሕር ውሃ ጥምን እንደሚያብስ የነገረው የለም። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በየመን አብያን ጠረፍ ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ብዙዎቹ አለቁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በመጋቢት ማብቂያና በሚያዝያ ብቻ፣ ጂቡቲ ጠረፍ ላይ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመዋል። እናቶቻቸው ሬሳ ሳያዩ ተቀምጠዋል። ለእነዚህ ልጆች ባሕሩን ሊያስተዋውቃቸው የሚገባው መምህር ነበር። ቀድሞ ያገኛቸው ደላላው ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ስደትን ያስቆማል አልልም፤ ድህነቱ አለ፣ ጦርነቱ አለ። ግን የአየሩን፣ የነፋሱንና የጀልባውን ነገር የተማረ ልጅ፣ ደላላው «ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፣ ኩሬ ማለት ነው» ሲለው መልሶ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል።

«መምህሩስ ራሱ ባሕር አይቶ ያውቃል?»

ላያይ ይችላል። ያዩ የደጋ ልጆች ግን አሉ። ከባቦጋያ ተመርቆ መርከብ ላይ የሚሠራው ወጣት ለዕረፍት አገሩ ሲገባ፣ ዘመድ አዝማድ በግ ከማረዱ በፊት አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ጥሩት። ሞተር ክፍሉን፣ ማዕበሉን፣ ዓሣውን፣ በመንገድ ያየውን ላስቲክ ሁሉ ይንገራቸው። የዋናን ነገርም ይጠይቁት። አንተም ና፤ ከኋላ ወንበር አለ።