ለ«ዝም በሉ» ባዮች

«የዘር ማጥፋት በቃላት አይገለጽም፤ ደራሲ ዝም ቢል ይሻለዋል» ይሉናል። ለማስገደል ጊዜ ቃላት መቼ አነሱ? በ1994 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሩዋንዳ ውስጥ የኪጋሊው ራዲዮ ሚል ኮሊን ቱትሲዎችን በስም እየጠራ ሲያሳድን ቃል አጠረኝ አላለም። «ካንጉራ» መጽሔትም ከ1990 ጀምሮ ጥላቻን በአንቀጽ በአንቀጽ ሲያትም ብዕሩ አልደረቀም። አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 ከሁለቱ ጋር የተያያዙ ሦስት ሰዎችን ጥፋተኛ ያለው ሕዝብን ለግድያ በማነሣሣት ጭምር ነው። ገዳይ እንዳሻው በለፈለፈበት ጉዳይ የሟች ወገን አፉን ይያዝ? አይይዝም!

«እሺ፣ ሩዋንዳውያን ይጻፉ፤ ሴኔጋላዊውን ምን ጥልቅ አደረገው?» ጥልቅ ያለው ተጠርቶ ነው። በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ «ፌስት አፍሪካ» የሚባለውን የሥነ ጽሑፍ መድረክ ይመራ የነበረው ቻዳዊው ኖኪ ጄዳኑም በ1998 ከየአገሩ አፍሪካውያን ደራሲዎችን ሰብስቦ ወደ ሩዋንዳ ወሰዳቸው። ሴኔጋላዊው ቡባከር ቦሪስ ዲዮፕ፣ ኮትዲቯራዊቷ ቬሮኒክ ታጆ፣ ጊኒያዊው ቲዬርኖ ሞኔኔምቦ፣ የጎረቤታችን የጅቡቲው ልጅ አብዱራህማን ዋበሪ ሄዱ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትሉ የለ? ሙራምቢ በተባለው ስፍራ የተወጋው መች ተረፈና ያስታውስ! ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተጠለሉት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቱትሲዎች በሚያዝያ ታርደዋል። ዲዮፕ በ2000 ያሳተመው የ«ሙራምቢ» ልብ ወለድ ጀግና ከጅቡቲ ስደት ሲመለስ ራሱን የተጎጂ ልጅ አድርጎ ቆጥሮ ነው። አገሩ ሲገባ ግን ጭፍጨፋውን ያደራጀው የገዛ አባቱ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን የጻፈ ሰው ባዕድ ነው ካላችሁ፣ ባዕድ ይብዛልን።

ባዕድ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ካናዳዊው ዢል ኩርትማንሽ በ2000 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ በ2006ም ወደ ፊልም በተለወጠው ታሪክ፣ መሪው ገጸ ባሕርይ የኪዩቤክ ጋዜጠኛ ነው፤ በሆቴል አስተናጋጇ ፍቅር ይወድቃል። «ፍቅር ባይኖርበት ማን ያየዋል?» ይሉናል። ታዲያ ከ800 ሺህ በላይ ሰው በመቶ ቀን ሲያልቅ ካላየ፣ ያ ተመልካች ሲስሙ አይቶ ምን ሊረዳ ነው? የሚጽፍ ሰው ከየትም ይምጣ፤ ሟቾቹን የራሱ ታሪክ መደገፊያ አያድርጋቸው።

«ያለፈን ከመቆስቆስ ይልቅ ጥበቡ ላይ አተኩሩ፤ ፖለቲካውን ተዉት» የሚለውስ? ይህ ምክር የቆየ ነው፤ የፈረንሳይ ሳንሱርም ያውቀዋል። አለን ሬኔ ስለ ናዚ ካምፖች «ሌሊትና ጭጋግ»ን ሠርቶ ሲጨርስ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የነበረ የእስረኞች ካምፕ የሚጠብቅ ዘበኛ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ነበረበት። የዘበኛው ቆብ የፈረንሳይ ጃንዳርም ቆብ ነው። ሳንሱር ቆቡ ላይ ቆመ! ፊልሙ በ1956 ለሕዝብ ሲቀርብ ቆቡ ተሸፍኖ ነበር፤ እስኪገለጥም አሥርተ ዓመታት ፈጀ። መንግሥትን አንድ ቆብ አስደነገጠው። ስለዚህ ጥበቡ ያለው ቆቡ ላይ ነው፤ ማን ጠበቀ፣ ማን አስታጠቀ፣ ማን አይቶ ዞረ? ይህን ያልጠየቀ ፊልም ጎርፍ የሚያህል እንባ ቢያስፈስስ ገዳይን አይከብደውም።

«ምስል ከሌለስ በምን ይሠራል?» የካምቦዲያው ሪቲ ፓን መልሶላችኋል። ቤተሰቡን የፈጁት ክመር ሩዦች የተዉለት የራሳቸውን ፕሮፓጋንዳ ነው። እሱ የጎደለውን በሸክላ ምስሎች አስቀርጾ በፈረንሳይኛ አስተረከው፤ «የጎደለው ምስል» በ2013 ካን ላይ ተሸለመ።

«ፈረንሳይ የገዳዮቹ መንግሥት ወዳጅ ነበረች፤ ስለምን በእሷ ቋንቋ?» የሚለው ጥያቄ ግን ክብደት አለው፤ በማንቋሸሽ አላልፈውም። ፕሬዚዳንት ማክሮን ያቋቋሙት የዱክሌር ኮሚሽን ራሱ በ2021 የፈረንሳይን ኃላፊነት ከባድ ብሎታል። ዲዮፕ ከ«ሙራምቢ» በኋላ በወሎፍ ልብ ወለድ ጽፎ በ2003 አሳተመ፤ ደግ አደረገ። ሩዋንዳዊቷ ስኮላስቲክ ሙካሶንጋ ደግሞ ኖርማንዲ ተቀምጣ በፈረንሳይኛ ትጽፋለች፤ እሷም ደግ አደረገች። «አልሰማሁም» ሊል የሚችለው ጎረቤቷ ነዋ! የሚገባው ቋንቋ ይሄው፣ ያንብብ።

«ቢሆንም በዛ፤ ያው ሩዋንዳ፣ ያው ሞት!» ሙካሶንጋ በ2006 ስላለቁት ቤተሰቦቿ ጻፈች፤ በ2008 ስለ እናቷ ብቻ ሌላ መጽሐፍ ጨመረች። የእናቷ አደራ አስከሬኗን ልጆቿ እንዲሸፍኑላት ነበር፤ አልተቻለም። ስለ እናትህ ስንት ገጽ ይበቃሃል፣ ወንድሜ? በ2012 ደግሞ «የአባይ እመቤታችን» የሬኖዶን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሸለመላት። ያንኑ ሽልማት በ2024 ጋኤል ፋይ በ«ጃካራንዳ» ወሰደ፤ መጽሐፉም የሚያወራው ስለ አገሯ ሩዋንዳ ስለማትናገር እናትና መልስ ስለሚፈልግ ልጅ ነው። ልጆቹ ገና እየጠየቁ ናቸው። የሚቀጥለውን መጽሐፍ የሚጽፈውም ከነሱ አንዱ ነውና መደርደሪያው ላይ ቦታ ልቀቁለት።