ቆርኪ በቤት ጥገና ያለው ማዕረግ

ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተጽፏል። የጎንደር ግንብ በኖራ ተያይዞ እንደቆመ የሚያስረዳ ሰውም አይጠፋም። የጓሮ ማድ ቤት በር በምን ተይዞ እንደቆመ የጠየቀ ምሁር ግን እስካሁን አልተገኘም። በሩ ሲከፈት ያቃስታል፤ ሲዘጋ በጉልበት ገፋ መደረግ ይፈልጋል፤ ሆኖም ክረምት ከበጋ ቆሟል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ክፍተት ስል የጥናቱን ማለቴ ነው፤ የበሩንማ ባለቤቴ በአሮጌ ፎጣ ወትፋዋለች።

የቤት ጥገና በአባወራ እጅ ሲከናወን በአራት ታላላቅ ነገዶች ይከፈላል፦ መምታት፣ ማሰር፣ መደገፍና መቸንከር። አምስተኛ ነገድ አለ የሚሉ አሉ፤ እሱም ባለሙያ መጥራት ነው። ይህኛው ግን ወገኑ ከጥገና ይልቅ ከለቅሶ ስለሆነ ትተነዋል።

መምታት በአንድ ወቅት የነገዶች ሁሉ ቁንጮ ነበር። ቴሌቪዥን ጀርባ በነበረው ዘመን፣ ሥዕሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የትኛው ጎኑ ላይ፣ በመዳፍ ወይስ በጡጫ፣ በምን ያህል ኃይል መምታት እንደሚገባ የሚያውቁ ሊቃውንት በየቤቱ ነበሩ። ቴሌቪዥን ተጠፍጥፎ ግድግዳ ላይ ከወጣ ወዲህ የሚመታ ጎን ስለጠፋ ዕውቀቱ ከነባለቤቶቹ እየሞተ ነው። ማሰር የካመናዳሪ ግዛት ነው፤ ከጎሚስታ የተለመነ ካመናዳሪ በጣት ስፋት ተቀዶ፣ እየተለጠጠ የሚያፈስ ቧንቧ ላይ ይጠመጠማል፤ ቧንቧውም ከዚያ በኋላ በሌላ በኩል ያፈሳል። መደገፍ ድንጋይ ነው። ስለ ድንጋይ የሚጨመር ነገር የለም።

የቀረው መቸንከር ነው፤ መቸንከር ደግሞ ያለ ቆርኪ ባዶ ነው።

ሚስማር ብቻውን እንጨትን ከእንጨት ለማያያዝ የተፈጠረ ነው። የእኛ ቤት ግን እንጨት ከእንጨት ጋር ብቻ የሚገናኝበት ቤት ሆኖ አያውቅም። ላስቲክ አለ፤ ሸራ አለ፤ የማዳበሪያ ከረጢት አለ፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አለ። ለስላሳ ነገር በስድስት ቁጥር ሚስማር ብቻ ቢመታ የሚስማሩ ራስ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም ስለማይበልጥ፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ሲነጋ ሚስማሩ በቦታው ይገኛል፣ ላስቲኩ ጎረቤት ግቢ። በመካከላቸው ቆርኪ ሲገባ ግን ያዡ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ነፋሱም ላስቲኩን ለመቅደድ መላውን ክብ ታግሎ ማሸነፍ አለበት። ሱቅ የሚሸጠው የቆርቆሮ ሚስማር ሰፊ ራስ የተደረገለት በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ እሱ ይገዛል፤ ቆርኪ ከመሬት ይነሣል።

ታሪኩን ባጭሩ። ዊሊያም ፔይንተር የተባለ አሜሪካዊ በባልቲሞር ከተማ ለቆርኪ የፈጠራ መብት ያገኘው በፈረንጆች 1892 ነው፤ አዲስ አበባ በተቆረቆረች በ5 ዓመቷ፣ ከዓድዋ ድል 4 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። የያኔው ቆርኪ 24 ጥርስ ነበረው፤ ውስጡም እውነተኛ ቡሽ ነበር። የዛሬው ጥርስ 21 ነው፤ ቡሹም በፕላስቲክ ተተክቷል። ይህን ግኝት ለባለቤቴ ባካፍላት «ጥርሱን ከምትቆጥር በሩን አትሠራውም?» አለችኝ። ይህን መጥቀሴ አጥኚ ከቤተሰቡ የሚደርስበትን ጫና ለማሳየት ብቻ ነው።

ፔይንተር የበለጸገው ቆርኪ አንዴ ተከፍቶ ስለሚጣል ነው። በኩባንያው የሽያጭ ሠራተኛ ለነበረው ለኪንግ ጊሌትም ሰው ተጠቅሞ የሚጥለው፣ ጥሎም መልሶ የሚገዛው ነገር ቢፈጥር እንደሚያዋጣው መክሮታል ይባላል። ጊሌት ምክሩን ሰምቶ ምላጭ ይዞ ብቅ አለ። የሁለቱም ስሌት ዓለምን ሁሉ አሸንፎ የተሰናከለው እኛ ቤት ነው። ቆርኪ እኛ ዘንድ ሥራ የሚጀምረው ከተከፈተ በኋላ ነው። ምላጭም ቢደነዝ ጡረታ አይወጣም፤ እርሳስ ይቀርጻል፣ ስፌት ይፈታል፣ መስታወት ላይ የደረቀ ቀለም ይፍቃል። በመጨረሻ አንድ ቦታ «እንዳይጠፋ» ተብሎ ይቀመጣል፤ የተቀመጠበትንም ቦታ የሚያገኘው ምንጊዜም ሌላ ሰው ነው፣ በጣቱ።

ወደ አመዳደቡ እንግባ። ቆርኪን በጠርሙሱ ዓይነት፣ በቢራና በለስላሳ የሚከፍሉ አሉ፤ ይህ የጀማሪ አከፋፈል ነው። ሚስማር የሚመታበት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ እንዴት ተከፈተ?

የመጀመሪያው ድንግል ይባላል። በቀስታ፣ ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ እየተነሣ የተከፈተ፣ ወገቡ ያልተሰበረ ቆርኪ ነው። ድንግል የሚገኘው ጠርሙስ በጠርሙስ የሚከፍት፣ ወይም ስለሌላ ነገር እያሰበ በላይተር ቂጥ የሚያነሣ ሰው ካለበት ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛው ጎባጣ ነው፦ አስተናጋጅ በመክፈቻ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ ወገቡን ያጠፈው። በገበያው ላይ የሚበዛው ይህ ነው፤ አስተናጋጅ ደግሞ አይመከርም። ሦስተኛው ንክስ ነው፤ በጥርስ የተከፈተ። የከፋቹን ማንነት በዙሪያው ይዞ ስለሚዞር ሰው በሚያየው ቦታ አይመታም፤ የዶሮ ቤት ይበቃዋል። አራተኛው የአስፋልት ነው። ከግሮሰሪ ደጃፍ መኪና ደጋግሞ ረግጦት እንደ ሳንቲም ሳስቶ ከሬንጁ ጋር የተዋሐደ ሲሆን፣ ለማውጣት የሚጠይቀው ድካም ከጥገናው ሁሉ ስለሚበልጥ ለሕፃናት ትተንላቸዋል፤ እነሱ በሁለት ቦታ በስተውት፣ ክር አሳልፈውበት፣ እየሳቡ ሲያዞሩት ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ያሰሙበታል።

አቅርቦቱ ወቅት አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ምርት የጥር ነው፤ ሠርግ በበዛበት ሰሞን በማግስቱ ማለዳ ድንኳን ሳይፈርስ የደረሰ አጥኚ ጎንበስ ባለ ቁጥር ያገኛል። («ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ለሚሉት የሙሽራው አጎቶች «ቁልፍ» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው።) ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሠርግ የለም፤ ቆርኪ የሚጠራቀምበት ጣሳ ይጎድላል። ከፋሲካ በኋላ ድንኳኑ ይመለስና የግንቦት ምርት ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ሰኔ ደጅ ላይ ነው፤ ጣሪያና መስኮት ላስቲክ የሚፈልጉበት ጊዜ። የቤተ ክርስቲያን የጾም ሥርዓትና የዝናቡ ወቅት ስለ ቆርኪ ተማክረው የተስማሙ ይመስል ሁሉም በጊዜው ይደርሳል። በሀገራችን የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ፣ ከተቋቋመ ከ1922 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ መቶ ዓመት አልፏል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ መጠጡ እንጂ ስለ ክዳኑ ጉባኤ ተጠርቶ አያውቅም።

አዘገጃጀቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቆርኪው በደረቱ ይተኛል፤ ማለትም ሆዱ ወደ ላይ ይሆናል። የውስጡ ፕላስቲክ በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ተፈልቅቆ ይወጣል፤ አይጣልም፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጎማው ባለቀ ጊዜ እሱን የሚሞክር ሰው አለ፤ ቧንቧው ግን ማንጠባጠቡን አይተውም። ከዚያ ድንጋይ ደረጃ ላይ ተደርጎ መሐሉ በሚስማር ይበሳል። መብሳቱን የሚንቁ አሉ። ቀድሞ ያልተበሳ ቆርኪ መዶሻው ሲያርፍበት ያፈተልካል፤ ያፈተለከ ቆርኪ ማድ ቤት ውስጥ ሲሆን መድረሻው በጥናት ተረጋግጧል፤ የሽሮ ድስት ነው፣ ያውም የተከፈተው።

አሁን ሊቃውንቱን ለሁለት ወደከፈለው ጥያቄ ደርሰናል፦ ጥርሱ ወዴት ይዙር?

ጥርስ ወደ ውስጥ የሚሉት፣ ጥርሱ ላስቲኩን ነክሶ ስለሚይዝ አይንሸራተትም፣ ከውጭም የፋብሪካው ዓርማ ስለሚታይ ያምራል ይላሉ። ጥርስ ወደ ውጭ የሚሉት ደግሞ የሚነክስ ነገር መጨረሻው መቅደድ ነው፣ ለስላሳው ደረቱ ነው ላስቲኩን ማቀፍ ያለበት ሲሉ ይከራከራሉ። የሁለተኞቹ ቤት በቀላሉ ይታወቃል፤ በበሩ ያለፈ ሰው ሁሉ ነጠላው ወይም ሹራቡ አንድ ክር ተመዝዞለት ይወጣል። እንግዳ በወጣ ቁጥር «አይዞሽ፣ ቆርኪው ነው» የሚባልበት ቤት ነው። ጠፍጥፎ መምታት የሚል ሦስተኛ ወገን አለ፤ ጥርሱን በመዶሻ አስተኝቶ ክርክሩን ይዘጋዋል። ይህ ወገን ለዘብተኛ ስለሆነ ሁለቱም ይንቁታል። ጉዳዩን የሰፈራችን አናጺ ዘንድ ባቀርበው ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይምቱት» አለኝ። ሙያ ከንድፈ ሐሳብ ሲለያይ እንዲህ ነው።

የቆርኪ ታላላቅ ሥራዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኮርኒስ ነው። ተሰፍቶ ጣሪያ ሥር የተወጠረ፣ ኖራ የተቀባ ማዳበሪያ በቆርኪ ተርታ ሲያዝ፣ በጀርባ ለተኛ ሰው ከዋክብት የሚቆጥር ያህል ሥራ ይሰጠዋል። አይጥ በላዩ ስትሮጥ የትኛው ቆርኪ እንደላላ ይታወቃል፤ ያንን ግን ጠዋት የሚያስታውስ የለም። ሁለተኛው የጎማ ማጠፊያ ነው። የብረት ማጠፊያ ዝጎ ሲበጠስ፣ ከአሮጌ ጎማ መዳፍ የሚያህል ተቆርጦ፣ ግማሹ በሩ ላይ ግማሹ መቃኑ ላይ በቆርኪ ይቸነከራል። አይዝግም፤ ዘይት አይጠይቅም፤ አይጮህም። በሩ ወደ ታች ትንሽ ይወርዳል፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ከቂጡ ቀና መደረግ ይፈልጋል። የቤቱ ሰው ይህን በእግሩ ጣት ሳያስበው ያደርገዋል። እንግዳ ግን ገፍቶ ገፍቶ ሲያቅተው ውስጥ ሆኖ ይጠራል፤ ከሳሎን አንድ ልጅ ይላካል፤ ልጁም ከውጭ ሆኖ «ትንሽ ከፍ፣ አሁን ወደ እርስዎ» እያለ ያስተምራል። ትምህርቱ ነጻ ነው።

የእኛ በር ላይ ያሉት ቆርኪዎች ሽልማት በሚወጣበት ዘመን የተሰበሰቡ ናቸው። ሞተር ሳይክል፣ ቴሌቪዥን፣ ቲሸርት ይወጣ ነበር፤ ለሌላ ሰው። እኔ የጥርስ ወደ ውጭ ወገን ስለሆንሁ ሆዳቸው ይታያል፤ እናም ከላይ እስከ ታች በተርታ «እንደገና ይሞክሩ»፣ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። በሩ አልከፈት ብሎት የቆመ እንግዳ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አልጠየቅሁም።

አንዳንዴ ባለሙያ ይመጣል፤ ለሌላ ጉዳይ ነው፣ ለቆጣሪ ወይም ለቧንቧ። መሣሪያውን ሳያወርድ በሩን ላይ ታች ያየዋል። ከዚያ ሁሉም ባለሙያ አንድ ትምህርት ቤት የተማረ እስኪመስል የሚጠይቀውን ይጠይቃል፦ «ማን ነው ይሄን የነካካው?» ለዚህም ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል የሚሰጠው መልስ አለ፦ «እኛ ስንገባም እንዲሁ ነበር።» ባለቤቴ እንኳ በዚህ ሰዓት ከእኔ ጋር ናት።

ስለ ሃይላንድ ክዳን ጠይቃችሁኛል፤ ባትጠይቁኝም መልሱ አይሆንም ነው። ሚስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይፈረፈራል፤ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ እየበዛ ሲሄድ ልጆቻችን በምን እንደሚቸነክሩ እሱን የሚያስብ መንግሥት ያስብበት።

ሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ካመናዳሪ አቀዳደድ፣ ሦስተኛው የጎበጠ ሚስማርን ስለ ማቃናት፣ አራተኛው ስለ ኒዶ ጣሳ አደረጃጀት ሊሆን ታስቦ ነበር። ማስረጃው ሁሉ በጣሳው ውስጥ በየዘሩ ተለይቶ፣ ድንግሉ በአንድ ፌስታል፣ ጎባጣው በሌላ ፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጦ ነበር። አሁን በረንዳው ላይ ነው፤ ልጄና የጎረቤት ልጅ ካርቶን ላይ ዳማ አስምረው 12 በ12 ደርድረውታል። ልጄ ድንግሎቹን ይዟል። ጎባጦቹ ሁለት ንጉሥ አውጥተዋል።