ለታፔላ የሚያምር ስም

ስም የሚያወጣው ወላጅ ነው ያለ ሰው ነቀምቴ ላይ አራስ ጠይቆ አያውቅም። ገንፎው ሳይቀርብ ጉባኤው ይጀመራል። አኮ (አያት) ዘር ቆጥረው የቅድመ አያት ስም ያመጣሉ። አዳዳ (አክስት) ከስልኳ ላይ ማንም ያልሰማውን ትፈልጋለች። ውጭ አገር ያለው አጎት «ፈረንጅ አፍ ላይ የሚቀል ይሁን» እያለ በቪዲዮ ይገባል። የልጁ አባት ቅቤ እንዲያመጣ ይላካል።

በቀደም እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ጥልቅ ብዬ «ኦነሲሞስ በሉት» አልኩ። ጭብጨባ ቀረኝ! ሁሉም የስሙን ባለቤት ታሪክ ያውቀዋል፦ ሁሩሙ አካባቢ ሂካ ተብለው ተወለዱ፤ ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቋቸው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ፤ በ1872 የስዊድን ሚሲዮን ዘንድ ሲጠመቁ ጳውሎስ ለፊልሞና ከላከው ደብዳቤ ውስጥ ካለው ባሪያ ስም ወረሱ። ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ በ1904 እዚሁ ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ያዙ። አዳዳ እንባዋ መጣ። «ታዲያ ኦነሲሞስ ይባል?» አልኩ። አኮ ሕፃኑን ከእጄ ተቀበሉኝና «ተይ ልጄ፣ እሱ አይራ ላለው ሴሚናሪ ነው የሚያምረው» አሉ።

ሞስኮ የተማረ ጎረቤታችን እዚያም ያው ነው ይላል። ይኸው የግሪክ ስም በቤተ ክርስቲያን በኩል ሩሲያ ገብቶ ኦኒሲም ሆነ፤ ሰፈር ሲያላምጠው አኒሲም። ዛሬ ኦኒሲም የሚባል ጎረምሳ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ አኒሲሞቭ የሚባል ቤተሰብ ግን ሞልቷል። ኦኒሲም ፓንክራቶቭ የሚባል ሰው በ1911 ከሐርቢን ተነስቶ በብስክሌት ዓለምን ዞሯል። ያን ሁሉ ፔዳል መትቶም ሞክሼ አላበዛም።

እኛ ደግሞ ሰው ራሱ የተቀበለውን ስም እንኳ ካልጣመን አንቀበልም። የነቀምቴ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ አፄ ምኒልክን የሚያህል ክርስትና አባት ቆሞላቸው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ቤተ መንግሥታቸውን ለእንግዳ ስናሳይ ግን «የኩምሳ ሞሮዳ» እንላለን። ሂካን በተራው ሂካ ብሎ የሚጠራ የለም። የክርስትና ስም ቄስ ያወጣል፤ የሚያጸድቀው ሰፈር ነው።

ሰው ላይ ኦነሲሞስን የምጭነው እኔ የራሴን ልጅ ምን አልኩት? ናኦል። የዚያን ሰሞን ልዩ ስም መስሎኝ ነበር፤ ለካ አራስ ቤቱ ሁሉ መስሎታል። መምህሯ ግራ ሲገባት «ናኦል ትልቁ»፣ «ናኦል ጥርሱ»፣ «ናኦል ባለ ቦርሳው» እያለች ለየቻቸው። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ናኦል!» ስል ግማሽ ክፍል ይሮጥልኛል፤ የኔው ብቻ ኳሱን አይተውም።